በአስማማው ስም የተቀበረው

አስማማው በገዛ ተዝካሩ ላይ የደረሰው ጠላው ሊያልቅ ሲል ነው።

ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሎ ነበር። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ በልተው ጠጥተው ሊነሡ ተቃርበዋል። እናቱ እትዬ ዘነበች ጥቁራቸውን ለብሰው ከንስሐ አባታቸው ከአባ ትእዛዝ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እኔ የግድግዳ ጎረቤት ስለሆንኩ እንግዳ አስተናግዳለሁ። በዳሱ አፍ አንድ ጢሙ ያደገ፣ ያደፈ ጋቢ የደረበ ሰው በዱላ ተደግፎ ሲቆም የኔ ቢጤ መሰለኝ። እንጀራ በሰሃን ይዤለት ሄድኩ።

«እንካ ወንድሜ። ነፍስ ይማር በል» አልኩት።

«የማንን ነፍስ?»

«የአስማማውን።»

ሰሃኑን ተቀበለኝ፣ አንድ ጊዜ ጎረሰና «ይማር» አለ። ትንሽ አላመጠ። «እሸቴ፣ ለእኔ ተዝካር በግ አጥታችሁ ነው ሽሮ የምታበሉት?»

ከመልኩ በፊት ድምፁን አወቅሁት። እትዬ ዘነበች ቀና ብለው አዩት፤ ወደ ጎን ዘንበል አሉና ወደቁ። ግማሹ ሰው እልል አለ፣ ግማሹ ለቅሶ ጀመረ፣ አንዲት አሮጊት ሁለቱንም እያፈራረቁ ማቆም አቃታቸው። አባ ትእዛዝ የእጅ መስቀላቸውን እንደ ጋሻ ዘርግተው «በስመ አብ ወወልድ!» ሲሉ አስማማው እያነከሰ ቀረበና መስቀሉን ተሳለመ።

«አይፍሩ አባ» አለ። «ሰይጣን ብሆን መስቀል እሸሽ ነበር። ሽሮም አልበላም።»

ሰው ሳቀ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ በዚያ ግቢ ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። እትዬ ዘነበች ግን ውሃ ተረጭቶባቸው ሲነቁ የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው እየዳበሱ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማሉ።

«ታዲያ የቀበርኩት ማንን ነው?»

አስማማው የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ቢሆነኝ የሚባል ሹፌር በሚነዳው አይሱዙ ከጉና ድንች እየጫኑ ወደ ባሕር ዳር ያመላልሳሉ። ያን ቀን የጉናን ቁልቁለት ሲወርዱ በሁለት ወገን ተኩስ መካከል ገቡ። መኪናው ተመትቶ ገደል አፋፍ ላይ ተገለበጠ። ቢሆነኝ መሪው ላይ እንዳለ ሞተ። ከተዘረገፈው ድንች ሥር ደግሞ አንድ ሌላ ሬሳ ተገኘ። ፊቱ የሚለይ አልነበረም፤ የለበሰው ጃኬት ኪስ ውስጥ ግን የአስማማው መታወቂያ ነበር። በአንሶላ ተጠቅልሎ ሲመጣ እትዬ ዘነበች ልክፈተው ብለው ለምነው ነበር። ሽማግሌዎቹ «የልጅዎ መልክ እንደሚያውቁት ይቅርልዎ፤ ይህን አይዩ» ብለው ከለከሏቸው። በማግስቱ ቀበርነው። አፈር ካለበሱት አንዱ እኔ ነኝ።

አስማማው ግን በገደሉ ተንከባሎ ከታች፣ ማንም ከማያየው ጥሻ ውስጥ ወድቆ ነበር። አቶ አስናቀ የሚባሉ የጉና ገበሬ አገኙትና ቤታቸው ወሰዱት፤ እግሩን ወጌሻ አሰረለት። መንገዱ ተዘግቷል፣ ስልኩ ተቋርጧል። በገበያተኛ የላኩት ቃልም ተኩስ ተፈርቶ ከመንገድ ተመለሰ። አስማማው መቆም ሲችል በአቶ አስናቀ በቅሎ እስከ ከተማው ዳርቻ መጣ። ከዚያ በዱላው ቤቱ ሲደርስ ዳስ አየ።

«የማንን ነፍስ ብዬ የጠየቅሁህ ለቀልድ አልነበረም» አለኝ ቆይቶ፣ ብቻችንን ስንሆን። «እማዬ የሞተች መስሎኝ ነው። የኔ ነው ስትለኝ ተመስገን አልኩ።»

በዚያ ወራት ደብረ ታቦር ውስጥ ለቅሶ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ትምህርት ቤቱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ተኩስ ሲጀመር ሰው በሩን እየቀረቀረ «ዛሬ ደግሞ የማን ሰርግ ነው?» ይባባላል። አንድ ጎረቤታችን ግድግዳው በጥይት ቢበሳ «መስኮት አልነበረኝም፤ ሳልከፍል ተከፈተልኝ» አለ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ እስኪመሽ አልወጣም። እንዲህ ነበርን። ሌላ የምንለው ስላልነበረን ይሆናል።

ለዚህ ጊዜ አስማማው የተፈጠረ ሰው ሆኖ ተገኘ። ከልጅነቱም ተረበኛ ነው፤ አሁን ግን ሌላ ሰው የማይደፍረውን የሚናገርበት መብት አገኘ። «እኔ ሞቼ አይቼዋለሁ» ይላል ጠላ ቤት ገብቶ። «እዚያም መብራት ይጠፋል። ስልኩ ግን ይሠራል። ችግሩ፣ ሁላችንም እዚያው ስለሆንን የሚደወልለት የለም።» ቀበሌ አዲስ መታወቂያ ሊያወጣ ሲሄድ ጸሐፊው «ሞተሃል ተብሎ ተመዝግቧል፤ መኖርህን የሚያረጋግጡ ምስክሮች አምጣ» ቢለው፣ «በዚህ ዘመን የራሱን መኖር ያረጋገጠ ሰው ከየት ላምጣልህ?» አለው። ይህ በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰው።

መቃብሩ ውስጥ ላለው ሰውም ምትኬ ብሎ ስም አወጣለት። በቤተ ክርስቲያኑ ባለፍን ቁጥር ቆም ይልና «ምትኬ፣ እንዴት አደርክ? አይዞህ፣ ስትሰለች ንገረኝ፣ እንቀያየራለን» ይላል። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ለቅሶ ቤት እንኳ ከእሱ አጠገብ ለመቀመጥ ሽሚያ ሆነ። ልጁን የቀበረ አባት ወደ እሱ ጠጋ ብሎ «እስቲ የምትኬን ንገረኝ» ሲለው ሰምቻለሁ።

እትዬ ዘነበች ግን አንድም ቀን አልሳቁለትም።

«የሰው ልጅ ነው» ይሉታል። «ስሙን ሳታውቅ ስም አታውጣለት።»

«ታዲያ ምን ልበለው እማዬ? እኔ ልበለው?»

እትዬ ዘነበች እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ሲወጡ ወደዚያ መቃብር ይሄዳሉ። አያለቅሱም፤ ቆመው ይቆዩና ይመለሳሉ። አንድ ቀን ተከትያቸው ሄጄ ምን እንደሚሉ ብጠይቃቸው «እናትህ እስክትመጣ ነው እለዋለሁ» አሉኝ።

እኔም የታዘብኩት ነገር ነበር። አስማማው ማንም ቢለምነው መኪና ላይ አይወጣም። ያ ክረምት ብርዱ አጥንት የሚሰብር ሆኖ ሳለ እሱ በሸሚዝ ይሄዳል። እናቱ ከገበያ የገዙለት ኮት ከሚስማር አልወረደም። «ሬሳ አይበርደውም» ይለኛል። ጃኬቱ እንዴት ሰው ላይ እንደተገኘ ስንጠይቀውም «ተውሶኝ ነው። ከጃኬቱ ጋር ሞቴንም ይዞብኝ ሄደ» ብሎ ያስቀናል። ከዚያ አያልፍም። እኛም ስቀን ስለጨረስን ደግመን አንጠይቅም።

መንገድ ተዘግቶ ስልክ ተቋርጦ ሳለ የአስማማው ቀልድ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተላለፈ አንበሳሜ ገበያ ደረሰ። አንድ በርበሬ ሻጭ «ደብረ ታቦር አንድ ሰው አለ፤ ጃኬቱን ቢያውስ በስሙ ሌላ ሰው ተቀበረለት፣ እሱም ተዝካሩን በልቶ አሁን መቃብሩን እየጎበኘ ይኖራል» ብሎ ሲያወራ ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። ከመካከል አንዲት እናት ብቻ አልሳቁም።

«የተቀበረውስ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

በርበሬ ሻጩ አላወቀም። ቀልዱ ውስጥ ያ የለም።

እኒህ እናት ወይዘሮ ፈንታነሽ ነበሩ። እኛ ሰፈር የደረሱት መስከረም ጠብቶ መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ሲከፈት ነው። እኔና አስማማው ከእናቱ በር ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ፀሐይ እንሞቃለን። እንግዳዋ ረጅም፣ ከሲታ ሴት ናቸው፤ ስንቃቸውን በነጠላ ቋጥረው በትከሻቸው አንግበዋል።

«ሞቶ የተነሣው ሰውዬ ቤት ይኸ ነው?» አሉ።

አስማማው እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። «ደርሰዋል እናቴ። ለለቅሶ ከሆነ ግን ዘግይተዋል፤ ተዝካሬም ተበልቷል።»

«አልዘገየሁም ልጄ» አሉ። «እኔ ገና አልጀመርኩም።»

ልስቅ የከፈትኩት አፌ እንደተከፈተ ቀረ። እትዬ ዘነበች ድምፅ ሰምተው ወጡ። እንግዳዋን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸው፤ ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው መሰለኝ፣ ክንዳቸውን ይዘው ወደ ቤት አስገቧቸው። ውሃ ሰጧቸው። ወይዘሮ ፈንታነሽ ብርጭቆውን ይዘው ሳይጠጡ ቆዩ።

«ልጄ ዳኛቸው ይባላል» አሉ። «ጉና ድንች ሊቆፍር እንደሄደ ቀረ። አለ የሚለኝም፣ ሞተ የሚለኝም አጣሁ። ጥቁር ልልበስ ስል በአፌ የገደልኩት ይመስለኛል። አለ ብዬ ልጠብቅ ስል ደግሞ እህሉ አልወርድልሽ አለኝ።» ይህን ያሉት ለእትዬ ዘነበች ነው። ከዚያ ወደ አስማማው ዞሩ። «ያንተን ጃኬት የለበሰው ሰው ምን ይመስል ነበር?»

«ምትኬ እንግዲህ...» ብሎ ጀመረ አስማማው። ከልማድ ነው የወጣው።

«ምትኬ አይደለም። የኔ ከሆነ ዳኛቸው ነው። የኔ ካልሆነም እናቱ ያወጣችለት ስም አለው።»

አስማማው አንገቱን ደፋ።

«ወጣት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ቀጭን። ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል፣ ያለቀ።»

«ሰማያዊ ሹራብ የሌለው ማን አለ?»

«ስሙን አልጠየቅሁትም እናቴ። ጉና ላይ እጁን አነሣልን፣ ቢሆነኝ ቆመለት። ከኋላ ከእኔ ጋር ድንቹ ላይ ተቀመጠ። ብዙም አብረን አልሄድን።»

«አሳቅኸው?»

አስማማው ደንግጦ ቀና አለ።

«ሰው ታስቃለህ አሉኝ» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። «እሱንም አስቀኸው እንደሆነ ንገረኝ። ሲስቅ እንዴት ነበር?»

አስማማው ቀኝ እጁን አነሣ፣ የእጁን ጀርባ አፉ ላይ ጋረደ። ከእጁ በላይ ዓይኑ ብቻ ቀረ። እንዲሁ እንዳደረገ ቆየ።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ዓይናቸውን ከዚያ እጅ ላይ መንቀል አቃታቸው።

«ልጅ ሆኖ ጊደር ረግጣው የፊት ጥርሱ ወልቋል» አሉ። «ተው፣ ያምርብሃል ብለውም አልሰማኝ። እንዲያ ነው የሚከድነው። እንዲያ ነው።»

ብርጭቆውን እትዬ ዘነበች ከእጃቸው ወሰዱላቸው። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሱም።

«ምን ብለህ ነው ያሳቅኸው?»

«ይተዉኝ እናቴ።»

«ንገረኝ።»

«የሚነገር አይደለም። ባልነግርዎ ይሻላል።»

«የልጄ የመጨረሻ ሳቅ ነው» አሉ። «አንተ ዘንድ የቀረ የኔ ነገር ነው። ስጠኝ።»

አስማማው እናቱን አየ፤ ያድኑኛል ብሎ ይሆናል። እትዬ ዘነበች «ተናገር» አሉት።

«ብርድ ነበር» አለ። ድምፁ የሚሰማ አልነበረም፣ ጠጋ አልን። «ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ጃኬቴን አውልቄ ብሰጠው አፈረ፣ እምቢ አለኝ። እንዲለብስልኝ ብዬ... ‹ግድ የለህም፣ ልበሰው፤ ከመሞትህ በፊት ግን መልስልኝ፣ ሌላ የለኝም› አልኩት። ሳቀ። እንዲህ አድርጎ ሳቀ። ከዚያ ለበሰው። ዚፑን እየዘጋ ነበር ተኩሱ ሲጀምር።»

ከእኛ አንዳችንም ይህን ሰምተን አናውቅም። ያን ሁሉ ወራት ከተማውን ሲያስቅ ይህችን አንዲት ቀልድ ግን ለማንም አላወራትም።

ወይዘሮ ፈንታነሽ አጎነበሱ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እትዬ ዘነበች ሊያቅፏቸው ጠጋ ሲሉ ቀና አሉ፤ እየሳቁ ነበር።

«ሳይመልስልህ ቀረ!» አሉ። «አይ ዳኛቸው! ድሮም የሰው ዕቃ ተውሶ መመለስ አያውቅበት! የጎረቤት ሞፈር ተውሶ ዓመት ያስቀምጣል እኮ! እኔ ነኝ እየተሸማቀቅሁ የምመልስለት!»

ሳቁ የቱ ጋ አልቆ ለቅሶው የቱ ጋ እንደጀመረ መለየት አልቻልኩም። እትዬ ዘነበች አቅፈዋቸው አብረው ተንሰቀሰቁ። «እኔ አልቅሼለታለሁ እህቴ» ይሏቸዋል። «ባላውቀውም በደንብ አልቅሼለታለሁ። ያለ ለቅሶ አልተቀበረም።» አስማማው ከሁለቱ ፊት ተንበርክኮ «ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ጃኬቱን ባልሰጠው በስሙ ይቀበር ነበር። ያን ጊዜውኑ ይነገርዎ ነበር።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«በጣም በርዶት ነበር?»

«በጣም።»

«እንግዲያ ሞቆት ነው የሞተው» አሉ። ወደ እትዬ ዘነበች ዞረውም ደገሙት። «ሞቆት ነው የሞተው።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ መቃብሩ ዘንድ ሄድን። አባ ትእዛዝ ተጨንቀው ነበር። ፍትሐቱ የደረሰው በአስማማው የክርስትና ስም ነው፤ በሕያው ሰው ስም ፍትሐት ያደረሱት እሳቸው ናቸው። «እግዚአብሔር የማን ነፍስ እንደሆነ አይሳሳትም» ሲሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ «እሱስ አይሳሳትም አባ። ስሙ ሲጠራ እኔ ልስማ ብዬ ነው» አሏቸው። አፅሙ ይውጣ አላሉም፤ መንገዱ እንደሚዘጋ ያውቃሉ፣ ደግሞም «ያላየሁትን አሁን ምን ልይ» አሉ። አባ ትእዛዝ ጸሎቱን እንደ አዲስ አደረሱ። «ኃይለ ሚካኤል» የሚለው የዳኛቸው የክርስትና ስም በተነሣ ቁጥር ወይዘሮ ፈንታነሽ «አቤት» ይላሉ፣ ልጃቸው ራቅ ካለ ቦታ እንደሚጠራቸው ሁሉ።

ከሰፈሩ ሰዎች አንዱ ወደ አስማማው ተጠግቶ «እንግዲህ ቤትህን አስረከብክ» ብሎ አንሾካሾከ። ቀልዱን እየጠበቀ ፈገግ ብሎ ቆመ። አስማማው አንድ ጊዜ አየውና አልፎት ወደ ማዶ ሄደ። ሰውየው ፈገግታውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

እትዬ ዘነበች «ብቻዋን መርዶ ተሸክማ አትገባም» ስላሉ፣ ወይዘሮ ፈንታነሽን ይዘን ሦስታችንም አንበሳሜ ሄድን። አስማማው ሚኒባሱ ደጃፍ ላይ ብዙ ቆመ። ረዳቱ «ትገባለህ ወይስ ትባርከናለህ?» ቢለው ሰው ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። በመጨረሻ ገብቶ እስክንደርስ የፊቱን ወንበር ብረት አልለቀቀም።

መርዶው ማልዶ ተነገረ። እኩለ ቀን ላይ ግቢው በሰው ሞላ፤ ከየገጠሩ ሰው እየጮኸ ይገባል። ብዙ ሳይቆይ ወሬው ተሰማ፤ «ያ ሞቶ የተነሣው ነው፣ ያ ቀልደኛው።» ሰው እየዞረ ያየዋል። እዚያም ቀልዶቹን በቃላቸው የሚያውቁ ነበሩ። የዳኛቸው አጎት አቶ ደምሴ ተነሥተው «ልጃችንን በመጨረሻ ያየው ይኸ ነው። እስቲ የሆነውን ይንገረን» አሉ። አስማማው ብድግ አለ።

«ዳኛቸው...» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔና ዳኛቸው...»

ከዚያ ከውስጡ አንድ እንግዳ ድምፅ ወጣ፣ የሚሰነጠቅ እንጨት ዓይነት። ከኋላ የተቀመጡ ጎልማሶች ቀልዱ የተጀመረ መስሏቸው ሳቁ። ድምፁ ደገመ። አንድ ሁለት ሰዎች አሁንም ሳቁ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ዝም አሉ። አስማማው ቆሞ ሁለት እጁን እንደዘረጋ፣ አፉን ሳይከድን፣ ፊቱን ሳይሸፍን ያለቅሳል። ከተነሣበት ቀን ጀምሮ ለቢሆነኝም አላለቀሰም፤ ለራሱ እግርም፣ ለጠፋው ለዚያ ሁሉ ሰውም አላለቀሰም። አሁን ሁሉም አንድ ላይ መጣበት። አቶ ደምሴ ሊያስቀምጡት እጁን ሲይዙት ወይዘሮ ፈንታነሽ ከተቀመጡበት «ተዉት፣ ያልቅስ» አሉ።

ሴቶቹ ለቅሶውን ተቀበሉት። እኔም ከአጠገቡ ቆምኩ።